የካሱባ ቁጥር

በኪትዌ የመዳብ ጉድጓዳችን የሚወርድ ሰው ሁሉ የናስ ቁጥሩን ከሰሌዳው ያነሳል፤ ሲወጣ መልሶ ይሰቅለዋል። ከታች የቀረውን ሰው የሚቆጥረው አሮጌው የዩኒክስ ኮምፒውተር፣ ማሽኑ ነው። እሱ ዜሮ ካላለ ፈንጂ አይነካም።

ስምንት ሰዓት ላይ ፈረቃው ሁሉ ወጥቶ አለቀ። ማሽኑ ግን «ከታች፦ 1» ይላል።

«ሜሞሪው ነው፣ ባ ካፔምብዋ» አልኳቸው አለቃዬን፤ «ባ» እዚህ የአክብሮት መጠሪያ ነው።

አራቱን የሜሞሪ ካርዶች ነቅዬ፣ እግራቸውን በላጲስ ጠርጌ መለስኳቸው። 1። ሁለቱን ብቻ አስቀርቼ አስነሳሁት፤ እያቃሰተ ተነሳ። አሁንም 1።

«ካሱባ፣ ሰዉ እኮ ፈንጂውን እየጠበቀ ነው! ማንን ነው የሚለው?»

ዝርዝሩን ከፈትኩት። 212። የራሴ ቁጥር።

እጄን ኪሴ ከተትኩ። ጠዋት የታችኛውን ስልክ ልጠግን ወርጄ ነበር፤ ስወጣ ናሱን መመለስ ረስቼ ኖሯል።

ባ ካፔምብዋ ሳቃቸው መጣ። «ምስኪኑን ማሽን ስታሚው ቆየሽ፤ ለካ ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ!»

ናሱን ሰቀልኩት። ማሽኑ ዜሮ አለ። እፎይ አልኩ።

ባ ካፔምብዋ የማፈንዳቱን ትዕዛዝ ሊሰጡ እጃቸውን ሲዘረጉ ከታች የሚደወልበት ስልክ ጮኸ። አነሱት። የሴት ድምፅ እኔ እስከቆምኩበት ድረስ ይሰማል።

«ባ ካፔምብዋ፣ ካሱባ ነኝ። ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ታች ነኝ። ቁጥሬን ማነው የሰቀለው?»

ድምፁ የኔው ነው።

ባ ካፔምብዋ ስልኩን ከጆሯቸው ሳያነሱ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ ማነሽ?» አሉኝ።