አረንጓዴው ሽቦ

ቧንቧ ሠራተኛው እንደሚለው፣ እህቱን የነዘራት ያረጀው የቤቱ የኤሌክትሪክ መስመር ነበር። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ባሏ ደግሞ ጥፋቱ ትናንት ወንድሟ የገጠመው የውሃ ማሞቂያ ነው ባይ ነበር። ሁለቱ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ተፋጠው ሲቆሙ፣ እሷ በሩ ላይ ሆና ማሞቂያውን የነካ እጇን ታሻለች።

«ለቧንቧ ሠራተኞች የማታ ኮርስ አስተምራለሁ፣ ና ተማር ስልህ ምን አልከኝ፣ ጌታው?» አለ ባልየው።

«ሦስት ሽቦ ለማሰር ትምህርት ቤት አልገባም አልኩህ። አሁንም እላለሁ።» አማቹን ከእግር እስከ ራሱ ገረመመው። እጁ እንደ ሙሽራ የለሰለሰ ሰው ሥራ ሊያስተምረው!

«አረንጓዴውንስ ሽቦ የት አሰርከው?»

«ውሃ መስመሩ ላይ ነዋ። ኤሌክትሪክ ካፈተለከ ብረቱ መሬት ያወርደዋል፤ ይሄን አያቴም ያውቁታል።»

«የቱ ብረት?»

ቧንቧ ሠራተኛው ባትሪውን አበራ። ሽቦው ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል፤ የታሰረው ግን ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ነጭ ፕላስቲክ ቱቦ ላይ ነበር። የዛገውን ብረት ነቅሎ ፕላስቲኩን የዘረጋው ደግሞ ራሱ ነው። እጁ ብቻ የድሮ ልማዱን አልረሳም።

አማቹ ሳቁን ለመደበቅ እንኳ አልሞከረም። ቧንቧ ሠራተኛው እሱን ትቶ የእህቱን እጅ አየ።

«እማራለሁ» አለ። «ካንተ ግን አይደለም።»