ስለ እኔ የሚመልሰው ባለቤቴ

«እንቅልፍ እንዴት ነው?» አለችኝ ነርሷ፣ ሕፃኑን ሚዛን ላይ እያስተኛች።

«ኧረ እሷ ከተኛች መድፍ አይቀሰቅሳትም» አለ ባለቤቴ።

በያጅ ነበር። የሥራ ጓደኞቹ «ሬዲዮ» ይሉታል... አንዴ ከተከፈተ አይዘጋም።

«ድብርት፣ ሆድ መባስ አለ?»

«ምን በወጣት። ወንድ ልጅ ታቅፋ?»

ነርሷ ግን የምታየው እኔን ነበር። «ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብሽ ያውቃል?»

«አንቺ ደግሞ... ዝንብ እንኳ ስትገድል አይቼ አላውቅም» ብሎ ሳቀ።

እኔም ሳቅኩ... ከኀፍረት።

እንዴት ብዬ ልናገር? ልጄ ሲያለቅስ ጆሮዬን ይዤ ጓዳ እገባለሁ ልበል? ብሞት ይገላገለኝ ነበር እላለሁ ልበል?

«ይቺ ደግሞ እናት ናት?» አይሉኝም?

ልጄን አቅፌ ወጣሁ።

በማግስቱ ነርሷ ደወለች። «ትናንት ሚዛኑ ስቶብኝ ነበር። ሕፃኑን መልሳችሁ አምጡልኝ።»

ስንደርስ ልጁን ለባለቤቴ አስታቀፈችውና «አባወራ፣ አንተ ኮሪደር ላይ ጠብቀን» አለችው።

ያ አፉ የማያርፍ ሰው ቃል ሳይተነፍስ ወጣ።

በሩን ዘጋች። የትናንቱን ጥያቄ እንደገና አንድ በአንድ ጠየቀችኝ...

አሁን የሚመልስልኝ ሰው የለም። አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኳት።

«ይሄ ሕመም ነው እህቴ። ክፉ እናት ስለሆንሽ አይደለም። ይታከማል።»

ታከምኩ። ዳንኩ። ያ ሕፃን ዛሬ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ጎረምሳ ነው።

ባለቤቴ ግን በቅርቡ አረፈ።

ነርሷ ጡረታ ወጥታለች። ሰምታ ልታጽናናኝ መጣች። ለተቀመጠው ሰው «እኔን ያዳነኝ የተበላሸ ሚዛን ነው» እያልኩ ሳወራ ሰማችኝ።

ከዚያ ጠጋ አለችና... «ሚዛኑ ደህና ነበር» አለችኝ።

«ያን ቀን ቤት ካደረሰሽ በኋላ ባልሽ ብቻውን ተመልሶ መጣ። ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። ‹የመለስኩልሽ ሁሉ ውሸት ነው› አለኝ። ‹ስታለቅስ እሰማታለሁ፤ የተኛሁ እመስላለሁ። ሚስቱን መያዝ ያቃተው እንዳልባል ብዬ ነው። እባክሽ እኔ በሌለሁበት ጠይቂያት። እኔ መናገሬን ግን እንዳታውቅ... ታፍራለች።›»

እኔ እሱን አፍሬ፣ እሱ እኔን አፍሮ... አንድ አልጋ ላይ ስንደባበቅ ኖርን።

በተጣላን ቁጥር «ያኔ ስሞት መች አየኸኝ» እለው ነበር።

አንድም ቀን «አይቼሽ ነበር» አላለኝም።

ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል... የምክሰው ሰው የለማ።

ወገኖቼ፣ ለአራስ ባሏም እናቷም አይመልሱላት። ከክፍሉ ውጡላት፤ ብቻዋን ትጠየቅ። አንዴ ዋሽታችሁ ከሆነም ተመልሶ መሄድ አያሳፍርም... የሚያሳፍረው መቅረቱ ነው።

እናንተ ቤት አራስ «እንዴት ነሽ?» ስትባል የምትመልሰው ራሷ ናት... ወይስ ሌላ ሰው? እውነቱን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።