ንፋስ የያዘው እንግዳ

«ቀስ ይበሉ፣ ሲኞር ኦታቪዮ፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል» እለዋለሁ። ለእግሩ አዝኜ አይደለም። ሰዓቱ እንዲሄድልኝ ነው።

«እኔ መቼ ቸኮልኩ?» ይላል ላቡን በመሃረብ እየጠረገ። «ደሴት በእግር ነው የሚታየው፣ ያውም በዝግታ። ቸኩሎ ያየ ሰው ምንም አላየም።»

ስለዚሁ ስለ ዝግታ አምስት መጽሐፍ ጽፏል። ዛሬ ጠዋት ከመርከብ ወርዶ «የሚያስጎበኘኝ ሰው ይኖራል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሰባ ዓመት ተጭኖት እንኳ ገና በድምፁ ለየሁት። እሱ አላወቀኝም። ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከወገቡ አልበልጥም።

ከመብራት ማማው ወደ ወደቡ የሚወስደውን ቁልቁለት ይዘናል። ንፋሱ ወደ ደቡብ እየዞረ ነው፤ የካፐር ቁጥቋጦዎቹ ሁሉ ባንድ በኩል ተኝተዋል። ከታች መርከቡ ይጮኻል፤ ሦስት ጊዜ፣ ረዘም አድርጎ። እዚህ የተወለደ ሁሉ ትርጉሙን ያውቀዋል። ካፒቴኑ ንፋሱን ሲፈራ መነሻ ሰዓቱ፣ አሥራ አንድ ሰዓት፣ እስኪሆን አይጠብቅም፤ ሦስት ጊዜ ይጮህና በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይነሳል። ከዚያ በኋላ አራት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ መርከብ የሚባል ነገር የለም።

«ምንድነው እሱ?» ይላል።

«ዓሣ አጥማጆቹን ሰላም እያላቸው ነው።»

«አቤት ደስ ሲል!» ደብተሩን ያወጣና እዚያው ቆሞ ይጽፋታል።

ይጻፋት። እሱ የማይጽፈው ነገር የለም። የዛሬ ሠላሳ አራት ዓመት ንፋስ ይዞት ዘጠኝ ቀን ያደረው እናቴ ቤት ነው። እናቴ ካሎጀራ ባሏን ባሕር የበላባት ሴት ነበረች። አልጋዋን ለሱ ለቅቃ፣ እኔን አቅፋ የወጥ ቤቱ መሬት ላይ ተኛች፤ ሰባራ ሳንቲም አልተቀበለችውም። አገሩ ገባና እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «የዚህች ደሴት መበለቶች ማታ ደጃቸውን አይቆልፉም። ለምን እንደሆነ ካሎጀራ ዘንድ ዘጠኝ ሌሊት አድሬ ተረድቻለሁ።» በቃ፣ ይችው ናት። አንባቢ ፈገግ እንዲልለት። እዚህ አገር ቁልፍ ያለው ቤት እንደሌለ፣ የቄሱም ቤት እንኳ እንደማይቆለፍ፣ ለመጻፍ እጁ ደከመው መሰለኝ።

መጽሐፉ ዞሮ ዞሮ ደሴታችን ደረሰ። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እናቴ ከምትቀመጥበት አግዳሚ ላይ ከእኔ በቀር የሚቀመጥ ጠፋ። እስክትሞት ድረስ፣ አሥራ አንድ ዓመት።

«ከዚህ በፊት መጥተው ያውቃሉ?» እለዋለሁ።

«በወጣትነቴ፣ አዎ። አንዲት ሴትዮ ቤት አርፌ ነበር... ስሟ ጠፋኝ። የዓሣ ሾርባዋ ግን!» ጣቶቹን ይስማል።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ፊት ፊቱን እሄዳለሁ።

«ብቻ አደራሽን» ይላል ከኋላዬ፣ «መርከቡ እንዳያመልጠኝ። ነገ ልጄን ነው የምድረው። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።»

እግሬ ይቆማል። በፍየሎቹ መንገድ ቁልቁል ብንወርድ አሁንም እንደርስበታለን። ልጅቷ ምን አደረገችኝ? እኔስ ማንን ምን አድርጌ ነበር?

«የጥንቱን የውሃ ጉድጓድ ሳያዩ ቢሄዱ ይቆጭዎታል» እለውና ወደ ቀኝ እታጠፋለሁ።

ወደቡ ስንደርስ መርከቡ የደሴቱን ጫፍ አልፎ ትንሽ ሆኗል። ሲኞር ኦታቪዮ እጁን እያወናጨፈ እስከ ውሃው ጠርዝ ይሮጣል። ገመድ ሲጠቀልል የነበረው ሽማግሌው ባስቲያኖ ቀና ይላል።

«ሦስት ጊዜ ጮኸ እኮ! አሱንታ፣ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ፣ አጎት ባስቲያኖ።»

ሲኞር ኦታቪዮ ዞሮ ያየኛል። ከዚያ ገመዶቹ ላይ ይቀመጣል። «ልጄ...» ይላል። ጣፈጠኝ፤ ለምን እዋሻለሁ።

«እንግዲህ ደንቡን ታውቂያለሽ» ይላል ባስቲያኖ። «ንፋስ የያዘው እንግዳ መርከቡ ሲያመልጠው አብሮት የነበረው ሰው ቤት ነው የሚያድረው። ላንቺ ደርሶሻል።»

«ሾርባሽን ጣጂ!» ትላለች ሚስቱ ፊሎሜና ከደጃፏ፤ መረብ የሚጠግኑት ሁሉ ይስቃሉ።

«እናቴም ደንቡን ጠብቃ ነበር» እላለሁ፣ ሁሉም እንዲሰማኝ። «ይኼ ሰውዬ ኦታቪዮ ብራንዳሊዮ ነው። የእናቴን ደጃፍ መጽሐፍ ላይ ያወጣው።»

ሳቁ ቀጥ ይላል። ፊሎሜና ትነሳለች፣ ወንበሯን ታነሳለች፣ ገብታ በሯን ትዘጋለች። ከጎኗ ያለውም ይዘጋል፤ ከዚያ ማዶው፤ ከዚያ ዳቦ ቤቱ። ባስቲያኖ ገመዱን ይጥልና ሰውየው እግር ሥር እንትፍ ብሎ ይሄዳል።

«ካሎጀራ...» ይላል ሲኞር ኦታቪዮ። ስሟ አሁን መጣለት። «ቀልድ እኮ ነበር። በእግዚአብሔር፣ ቀልድ ነበር።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን «እውነት እሱ ነው?» ያለ የለም፤ ያመነታ የለም። በሩን የሚዘጋው ሁሉ በዳዩ ማን እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። ድሮም ያውቁ ነበር። የእናቴን ንጽሕና እያወቁ ነው አሥራ አንድ ዓመት ብቻዋን ያስቀመጧት። እናንተ ፈሪዎች!

«ይነሱ» እለዋለሁ።

«ወዴት?»

«እናቴ ቤት።»

ቦርሳውን አነሳለታለሁ። በባሕሩ ዳር አቋራጭ አለ። እኔ ግን በመንደሩ መሐል እወስደዋለሁ፤ በእያንዳንዱ የተዘጋ በር ፊት፣ ኮቴያችን እውስጥ ድረስ እንዲሰማቸው፣ ቀስ ብዬ።