የኡሜ ስጎ

ሳዮ ከቶኩጂ ጋር ከተጋባች ሰባት ወሯ ነው። ሰባቱንም ወር ቅዳሜ ቅዳሜ ኑድል ጠብሳለች፤ አንድም ቀን «ጣፈጠ» ያላት የለም።

የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባል የለ? የሞተች ሚስት ደግሞ ስጎዋ ወፍራም ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ያረፈችው የቶኩጂ የመጀመሪያ ሚስት ኡሜ ቅዳሜ የምታቀርበውን ኑድል የሚያህል በመንደሩ አልነበረም አሉ። ስጎው ጥቁር፣ ማንኪያ ላይ የሚጣበቅ፣ ጨውና ጣፋጭ አብሮ የሚመጣበት። ኡሜ ወጥ ቤቱን ዘግታ ብቻዋን ትሠራለች፤ አቅርባም ስትበሉ ልያችሁ ብላ ትቀመጣለች። ራሷ አትቀምስም። «የሚጠብስ ሰው ጭሱ ያጠግበዋል» ትል ነበር።

የስጎ ድስቷ፣ ሰማያዊ ክዳን ያለው፣ በቤቱ የሙታን መሠዊያ ላይ ከፎቶዋ ጎን ተቀምጧል። ከሞተች ወዲህ ማንም አላነሣውም። ሳዮ በዚያ ባለፈች ቁጥር ድስቱ የሚያያት ይመስላታል።

መጥበስ ለሳዮ እንግዳ ነገር አይደለም። ከተራራው ማዶ ባለችው ከተማ፣ በአባቷ ኑድል ቤት፣ ፖም እየፈቀፈቀች፣ አባቷ በደንበኛ ዕቃ ላይ ትእዛዝ የሚጽፍበትን ፕላስተር እየቆረጠች ነው ያደገችው። በኋላ ፋብሪካ ገባች፤ አባቷም ሞተ፤ ኑድል ቤቱም ተዘጋ፤ እስክታገባም እህቷ ጋ ኖረች።

«ስጎው ላይ ፖም ብጨምርስ?» ብላ አንድ ጊዜ ጠይቃ ነበር።

አማቷ እማማ ኪኩ ደነገጡ። «ፖም? ኡሜ ፖም ከነካች ፊቷ ያብጥ ነበር! እሷ እያለች ያልገባ ፖም ዛሬም አይገባም!»

በዚህ ቅዳሜ ሳዮ ቆርጣ ተነሣች። ዛሬም ካልጣፈጣቸው እህቷ ጋ ትመለሳለች። ማንንም ሳታስፈቅድ ሁለት ፖም ፈቅፍቃ ስጎው ውስጥ ጨመረች፤ እስኪወፍርም አማሰለችው።

እንደ ወጉ የመጀመሪያውን ሳህን ለኡሜ መሠዊያው ላይ አኖረች፤ የመሠዊያውን ትንሽ ደወልም መታች። ጥቂት ቆይተው ሳህኑን አወረዱትና ለምሳ ተቀመጡ።

ቶኩጂ ገና አንድ ጊዜ ጎርሶ እጁ ቀጥ አለ።

«ኡሜ» አለ። እንባው ሳህኑ ላይ ወረደ።

እማማ ኪኩ ከልጃቸው ሳህን ቀመሱ። «እሷው ናት! ልሙት እሷው ናት! ከመሠዊያው ወርዳ ነክታዋለች!»

«እኔ ነኝ የሠራሁት፣ እማማ።»

«እጅሽን ተውሳሽ ነዋ! አንቺማ ብትሆኚ ሰባት ወር ሙሉ የት ነበርሽ?»

ሳዮ የጨመረችው ፖም ነው፤ ኡሜ ደግሞ ፖም አትነካም። ታዲያ እንዴት የሷን ሊመስል ቻለ? ፎቶውን አየች። ኡሜ ፈገግ ብላለች። ሳዮ ተነሥታ እጇን በሳሙና ታጠበች፤ ደግማም ታጠበች። የራሷ እጅ አስፈራት።

እማማ ኪኩ መሠዊያው ፊት ጎንበስ አሉና ድስቱን በሁለት እጃቸው አንሥተው አቀበሏት። «ከእንግዲህ በዚህ ሥሪ። ኡሜ አንቺ ላይ አድራለች።»

ቶኩጂም ባሏ ከሆነ ጀምሮ እንዲህ አይቷት አያውቅም። ሰባት ወር የጠበቀችው ዐይን ነበር። ግን የሚያየው ጣቶቿን ነው።

በሞተች ሴት እጅ ከመወደድ የእህቷ ቤት ይሻላል። ሻንጣዋን ከቁም ሳጥን አናት አወረደች። የሰው ዕቃ ሳይታጠብ አይመለስምና፣ ከመሄዷ በፊት ድስቱን ወስዳ ውሃ ከፈተችበት፤ አጠበችው፤ እንዲንጠፈጠፍም ደፋችው።

በድስቱ ቂጥ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል፤ በላዩም በአባቷ እጅ ጽሑፍ «ቅዳሜ፣ ስጎ ለሁለት ሰው» ይላል።