የተማም ቀለሃ

ኸይረዲን ሬክስዴል በሚባለው ሰፈር ባለው ቤዝመንቱ፣ አደን ሊወጣ ሲል እንደ ልማዱ፣ የተተኮሰ ቀለሃ ጨምቆ ወደ ልኩ የሚመልሰውን ብረት ፈትቶ ማጽዳት ጀመረ። ዘይት የነካ ጨርቅ ቢከትበት አልገባ አለው። ውስጡ የተቀረቀረውን ነገር መትቶ ሲያወጣው፣ እርጥብ አፈር የሞላው ቀለሃ ዱብ አለ።

አፉ ላይ ያለውን ጭረት አወቀው። አምና ጓደኛውን ተማምን ጫካ ውስጥ የገደለበት ጥይት ቀለሃ ነው። ሬሳውን ሽታው ኃይለኛ በሆነው ካፉር አጥቦ የከፈነውም፣ ከሁሉ በላይ ያለቀሰውም እሱ ነበር፤ ቀለሃውንም ከፈኑ ውስጥ ሸጉጦ አብሮ አስቀብሮታል።

የተማም ሚስት የነበረችው፣ ዛሬ የእሱ የሆነችው ሉብና ከደረጃው ላይ ጠራችው።

«ኸይሩ፣ ምንድን ነው እንዲህ ካፉር ካፉር የሚሸተው?»

«ዘይቱ ነው።»

«ተማምን አጥበህ የመጣህ ቀን እጅህ እንዲህ ነበር የሚሸተው» አለች። «ዛሬ ደግሞ ማንን አጠብክ?»