የሩቅ ዓይን

በዚያ ዘመን የሐዋሳ ወጣቶች ዓይናቸውን በጨረር ያሠሩ ነበር። የተሠራ ዓይን ከሐይቁ ማዶ ያለችውን ወፍ ከነላባዋ ያያል፤ አጠገቡ ያለው ግን ይደበዝዝበታል። የወይዘሮ እታለማሁ ልጅ ናሆም እናቱን ስሞ ሲያበቃ ፊቷን ለማየት እስከ በሩ ድረስ ያፈገፍጋል። እሱ የለቀመው ምስርም ጥርስ ይሰብራል።

አሁን ባለመነጽሯ ታናሽ እህቱ ሶልያና ዓይኔን ላሠራ ብላ ተነሣች። የአየር ታክሲ መንዳት ትፈልጋለች፤ ለዚያ ደግሞ መነጽር አይፈቀድም። ሰው «ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል» ይላል፤ እታለማሁን ያስፈራት ግን የቅርቡ ነው። የጎልማሶች ትምህርት ጀምራለች፤ መስመሩን በጣቷ እየተከተለች የምታስነብባት ሶልያና ናት።

«ልጄ፣ ገና ሃያ ዓመትሽ ነው። ዓይንሽ እስኪረጋ ብትቆዪስ?»

«ረግቷል አለኮ ሐኪሙ፣ እማ። ደግሞ ሁለቱንም ማን አለሽ? አንዱን ብቻ ነው የማሠራው። በአንዱ ሰማዩን፣ በአንዱ አንቺን አያለሁ።»

«እንዲህም ይቻላል?»

«ጠይቄ ነው የመጣሁት። ናሆም ቸኩሎ ነው እንጂ ይቻል ነበር።»

እታለማሁ ሳቋ መጣ። የልጇን ጉንጮች በሁለት እጇ ያዘች።

«የኔ የትኛው ነው ታዲያ?»

ሶልያና በግራ ዓይኗ ጠቀሰቻት። እናቷም የልጇን መነጽር አውልቃ ያንኑ ዓይን ሳመችው።