የማቴዎስ ፍሬን

«አሮጌውን ግጠምልኝ» ትላለች ጣቢታ። «እሱ ነው የማቴዎስ።»

ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ዓይነት የፍሬን ሲሊንደር ተደርድሯል፤ የፍሬኑን ሸራ እየገፋ መኪናውን የሚያቆመው ዕቃ ማለት ነው። በቀኝ በኩል ነጋዴው ወልደ ሰንበት ከአዲስ አበባ ያስመጣው፣ ገና ከካርቶኑ የወጣ አለ። ያብለጨልጫል፤ ግን ላንድሮቨሩን የሠሩት ሰዎች ያወጡት አይደለም፣ ሌላ አገር አስመስሎ የሠራው ነው። በግራ በኩል ከራሷ መኪና የፈታሁት አለ። ጭቃ ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ቢሆንም ኦሪጂናል ነው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ከአሮጌው ወገን ነበርኩ። አስመስለው የሠሩት ነገር አይዋጥልኝም፤ ሆሳዕና ውስጥ ይህን የማያውቅ ሹፌር የለም። ዛሬ ግን ከጠዋት ጀምሮ አዲሱን ሳወድስ ነው የዋልኩት።

«ጠና፣ ደኅና ነህ ግን?» ይላል ወልደ ሰንበት፣ ግድግዳው ላይ የጃንሆይ ሥዕል ካለበት የቀን መቁጠሪያ ሥር ተቀምጦ። «የኔን ዕቃ አመስግነህ አታውቅም። ልትሞት ነው እንዴ?»

መኪናው ከኋላችን አራት ድንጋይ ላይ ቆሟል፤ ጎማ የለውም። ጣሪያውን ቀጥቅጬ ያቃናሁት እኔ ነኝ፤ በሩንም የቀየርኩት እኔ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት የጣቢታ ባል ማቴዎስ ከአዲሎ ሲመለስ የዶዮገና ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ ሞተ። አዲሎ ላይ አረቄ ጠጥቶ ነበር ተባለ። ማን እንዳየው እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ወሬው ግን ከሬሳው ቀድሞ ሆሳዕና ገባ።

ሌላ ቤት ቢሆን «ነፍሱን ይማረው» ተብሎ ያልፍ ነበር። በእኛ ጸሎት ቤት መጠጥ የነካ ሰው እንዲህ በቀላሉ አያልፍም። ሽማግሌዎቹ ቀብሩ ላይ አጭር ጸሎት አድርገው ሄዱ። ከመዘምራኑ ጋር ትቆም የነበረችው ጣቢታም ከዚያ ወዲህ በሩ አጠገብ ነው የምትቀመጠው። እኔ ከፊት ነኝ።

«እኅት ጣቢታ፣ አዲሱ ነው የሚሻልሽ» እላታለሁ። «አሮጌው አልቆለታል።»

«ከፍተህ አየኸው?»

አልከፈትኩትም። ምን እንዳለበት ስለማውቅ ነው ያልከፈትኩት።

«ማቴዎስ ይህን ዕቃ ማንም እንዳይነካብኝ ይል ነበር» ትላለች። «ክፈተው፣ ወንድም ጠና። ካለቀም በዓይኔ ልየው።»

እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ። ካቻቪቴ አንስቼ መሸፈኛውን አነሳለሁ፤ በመዶሻው እጀታ መታ መታ ሳደርገው ውስጡ ያለው ጎሚኒ፣ ዘይቱን የሚገታው ላስቲክ፣ ጠረጴዛው ላይ ይወድቃል። ጥርት ያለ ክብ መሆን ነበረበት። ውኃ ውስጥ እንዳደረ ባቄላ አብጧል።

«ይኸው፣ ዝገት በልቶታል» ይላል ወልደ ሰንበት።

ምስኪን፣ ምንም አያውቅም። ግን የተዘጋጀ ውሸት አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። «አዎ» ካልኩ አለቀ፤ እሷ አዲሱን ትወስዳለች፣ እኔ እገጥማለሁ፣ ማቴዎስም ሰካራም እንደተባለ ይቀራል።

«ብረት ነው የሚዝገው» እላለሁ። «ጎሚኒ አይዝግም።»

ሁለቱም ያዩኛል። ጎሚኒውን ወደ ጣቢታ እገፋለሁ።

«ያን ክረምት መንገዱ ተቆርጦ የፍሬን ዘይት ከከተማው ጠፍቶ ነበር። ማቴዎስ አርብ ዕለት መጣ። ዘይት ያው ዘይት ነው ብዬ የሞተር ዘይት ሞላሁለት። ‹ይሆናል ወይ?› ብሎ ጠይቆኝ ነበር፤ ሳቅሁበት። ማክሰኞ ሞተ። የሞተር ዘይት የፍሬን ጎሚኒ እንዲህ አሳብጦ እንደሚያበላሽ የሰማሁት ከቀብሩ በኋላ ነው፤ ሻሸመኔ ያለ አንድ የጋራዥ ፎርማን ነገረኝ። መኪናው አልቆም ብሎት ነው፣ ጣቢታ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ወልደ ሰንበት ባርኔጣውን ያወልቃል። ጣቢታ ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ዓይኗን ከጎሚኒው ላይ አታነሣም።

«መቼ ነው የነገረህ?»

«ክረምቱ እንዳለፈ። መስከረም ላይ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ» ትላለች ቀስ ብላ፣ «ከፊቴ ተቀምጠህ ዘመርክ።»

አፈርኩ። ከማፈርም አልፎ፣ ሆዴ ውስጥ የነበረው ድንጋይ ወጥቶ እግሬ ላይ የወደቀ ያህል አመመኝ።

ጎሚኒውን አንስታ በመዳፏ ትጠርገዋለች። ከዚያ በየእሁዱ የመባ ሳንቲሟን በምትቋጥርበት የነጠላዋ ጫፍ ላይ አስቀምጣ አጥብቃ ትቋጥረዋለች።

«እሁድ ሽማግሌዎቹ ፊት ትቆማለህ። አሁን የነገርከኝን ሁሉ በጉባኤው ፊት ትናገራለህ።»

«እናገራለሁ።»

«አሁን ምረጥ። እኔ አልመርጥም፤ የምታውቀው አንተ ነህ። ስትጨርስ ያን ቁልቁለት መጀመሪያ የምትወርደው አንተ ነህ። እኔም አጠገብህ ነኝ።»

እጄን ወደ አዲሱ እሰዳለሁ። አንስቼ ጠርዙን በጣቴ እዳብሳለሁ፣ ጎሚኒውን ጫን አድርጌ አያለሁ። እንዲህ አድርጌ ዕቃ መርምሬ አላውቅም።

እሷ ወደ መኪናው ሄዳ በሩን ትከፍታለች። ከመሪው ጎን ባለው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ቋጠሮውን በሁለት እጇ ይዛ ፊት ለፊት ታያለች። መኪናው ድንጋዮቹ ላይ ትንሽ ይነቃነቅና ይረጋል። እኔ የፍሬን ዘይቱን ቆርቆሮ ወደ ብርሃኑ አዙሬ የተጻፈበትን አነባለሁ፤ ከዚያም እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሬ አነባለሁ።